ከአፕዴት በኋላ በተኑ ወዴት ሄደ? ለአንድሮይድ ስቱዲዮ፣ ለቪኤስ ኮድና ለቪዥዋል ስቱዲዮ ተጠቃሚዎች

ደብረ ብርሃን ላይ የሞባይል አፕ መሥራት የሚማር ተማሪ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ዓይነት አንድሮይድ ስቱዲዮ ያያል። የራሱ ላፕቶፕ ዋይፋይ ባገኘበት ቀን ታድሷል። የላብ ኮምፒውተሩን ከተጫነበት ቀን ወዲህ የነካው የለም። ዩቲዩብ ላይ የሚከታተለው ትምህርት ደግሞ ከሁለቱም በፊት የተቀረጸ ነው። ቪዲዮው «ከታች ሎግካት (የአፑ መልእክቶች የሚታዩበት መስኮት) የሚለውን ተጫኑ» ሲል፣ ከታች በኩል የሚጫን ነገር የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቸኩለው ፕሮግራሙን ነቅሎ እንደገና ወደመጫን ነው። ይህ ከሁሉም የከፋው መንገድ ነው። የአንድሮይድ ስቱዲዮ መጫኛ ብቻውን ከ1 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ቀልድ አይደለም። ከዚያም በላይ ችግሩን አይፈታም፤ የመስኮቶች አቀማመጥና ሴቲንግ የሚቀመጡት ፕሮግራሙ በተጫነበት ቦታ ሳይሆን በተጠቃሚው «አፕዳታ» ፎልደር ውስጥ ነው። ፕሮግራሙን ነቅላችሁ ስትመልሱት ያንኑ የድሮ ሴቲንግ አንብቦ፣ ያንኑ የተደበቀ በተን እንደተደበቀ ይከፍትላችኋል።

በአፕዴት ምክንያት ከነጭራሹ የሚሰረዝ ነገር ጥቂት ነው። «ጠፋ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከአራት አንዱ ሆኖ ይገኛል፦ ቦታው ተቀይሯል፣ ተደብቋል፣ ስሙ ተለውጧል፣ ወይም እሱን ያመጣው ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ ማሟያ) ሥራ አቁሟል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ዓይንን ስክሪኑ ላይ ማንከራተት አያስፈልግም።

መጀመሪያ በስሙ ፈልጉት

ሁሉም ኮድ መጻፊያ ማለት ይቻላል ትእዛዝን በስም የሚፈልግ ሳጥን አለው። በአንድሮይድ ስቱዲዮና በኢንተሊጄ (አንድሮይድ ስቱዲዮ በተሠራበት የጄትብሬንስ ኩባንያ ፕሮግራም) ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤ አንድ ላይ ይጫናሉ፤ ፋይሉንም ክላሱንም ትእዛዙንም አንድ ላይ ለመፈለግ ደግሞ ሺፍትን ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መንካት ይበቃል። በቪኤስ ኮድ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ፒ ነው፤ ኤፍ 1 ብቻውንም ይሠራል (ላፕቶፕ ላይ ከኤፍኤን ጋር መጫን ሊኖርበት ይችላል)። በቪዥዋል ስቱዲዮ ኮንትሮል እና ኪው፣ በኤክሊፕስ ኮንትሮል እና 3፣ በኔትቢንስ ኮንትሮል እና አይ።

ሳጥኑ ሲከፈት የምትፈልጉትን ሙሉ ስም አትጻፉ፤ ዋናውን ቃል ብቻ ጻፉ። ስሞች ከቨርዥን ቨርዥን ይቀየራሉ፣ ዋናው ቃል ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ለምሳሌ በቆዩ ቪዲዮዎች ላይ ኤፒኬ (ስልክ ላይ የሚጫነው የአፕ ፋይል) የሚሠራበት የ«ቢልድ» ሜኑ ንዑስ ሜኑ «ቢልድ ባንድል ኤፒኬ» ይባል ነበር፤ በአዲሶቹ «ጄኔሬት አፕ ባንድልስ ኦር ኤፒኬስ» ሆኗል። «ቢልድ ባንድል» ብሎ የጻፈ ሰው ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል፤ «ኤፒኬ» ብቻ ያለው ያገኘዋል። ኢሙሌተር (ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ አስመሳይ ስልክ) የሚፈጠርበት «ኤቪዲ ማኔጀርም» «ዲቫይስ ማኔጀር» ተብሏል። ከ2017ቱ 3.0 ቨርዥን በፊት የተሠራ ትምህርት ላይ «አንድሮይድ ሞኒተር» ካያችሁ ደግሞ ሥራው ለሁለት ተከፍሎ ለ«ሎግካት»ና ለ«ፕሮፋይለር» ደርሷል።

ውጤቱ ሲወጣ ኢንተር ከመምታታችሁ በፊት መስመሩን እስከ ቀኝ ጫፉ አንብቡት። አንድሮይድ ስቱዲዮ ትእዛዙ አሁን በየትኛው ሜኑ ውስጥ እንደሚኖር እዚያው ያሳያል፤ አዲሱ አድራሻው እሱ ነው። ሾርትከት ካለውም አብሮ ይታያል። ደጋግማችሁ የምትጠቀሙበት ከሆነ መስመሩ ላይ ቆማችሁ አልት እና ኢንተር ብትጫኑ የራሳችሁን ሾርትከት ትሰጡታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ በተኑ የትም ቢሄድ አያገባችሁም።

ስሙ በደብዛዛ ቀለም ከወጣ ነገሩ አልጠፋም፤ ለመሥራት የሚፈልገው ነገር አልተሟላም ማለት ነው። ፋይል አልተከፈተ ይሆናል፣ የግሬድል (አፑን የሚገነባው መሣሪያ) ሲንክ፣ ማለትም ፕሮጀክቱን የማዘጋጀት ሥራው፣ አላለቀ ወይም ከሽፎ ይሆናል፣ ወይም ከታች «ኢንዴክሲንግ» (የፋይሎቹን ማውጫ እየሠራ) እያለ ነው። አፕዴት ከተደረገ በኋላ የመጀመሪያው ኢንዴክሲንግ በደካማ ማሽን ላይ ረጅም ደቂቃ ሊፈጅ ስለሚችል፣ የታችኛው መስመር ሥራውን ሳይጨርስ «ይህ የለም፣ ያ የለም» ማለት አይገባም። አንድሮይድ ስቱዲዮ ደብዛዛዎቹን ራሱ የሚደብቅበት ጊዜ አለ፤ በፍለጋ ሳጥኑ ላይ «ኢንክሉድ ዲሴብልድ» የሚለውን ምልክት ስታደርጉ ይወጣሉ።

እኛ ዘንድ የሚያጋጥም አንድ ወጥመድም አለ። የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ ከሆነ ሳጥኑ ውስጥ የምትጽፉት በአማርኛ ፊደል ይሆንና ውጤቱ ባዶ ይወጣል፤ ሾርትከቶችም ሊያስቸግሩ ይችላሉ። ዊንዶውስ ላይ አልት እና ሺፍት ቋንቋ መቀየሪያ ስለሆኑ፣ ሁለቱን የያዘ ሾርትከት ስትጫኑ ሳታውቁት ወደ አማርኛ ልትገቡ ትችላላችሁ። ሾርትከት «አልሠራ አለ» ከማለታችሁ በፊት ሰዓቱ አጠገብ ያለውን የቋንቋ ምልክት እዩ፤ በዊንዶውስ ቁልፍና በስፔስ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት።

አንድሮይድ ስቱዲዮ እና ኢንተሊጄ፦ አዲሱ መልክ

ትልቁ ግራ መጋባት የመጣው ጄትብሬንስ በ2022 ማሳየት ከጀመረው «ኒው ዩአይ» ነው። ኢንተሊጄ ከ2024.2 ቨርዥን ጀምሮ ለሁሉም ተጠቃሚ በዚህ መልክ ይከፈታል፤ የድሮው መልክ ለብቻው የሚጫን «ክላሲክ ዩአይ» የሚባል ፕለጊን ሆኗል። አንድሮይድ ስቱዲዮ የተሠራው በኢንተሊጄ ላይ ስለሆነ ለውጡን ወርሷል።

«ፋይል፣ ኤዲት፣ ቪው» የሚለው የሜኑ ረድፍ ከላይ ከጠፋ፣ በስተግራ ጥግ በሦስት አግድም መስመሮች ምልክት ውስጥ ታጥፏል። እሱን መጫን፣ ወይም አልትን ከኋላ አጋድም ሰረዝ (\) ጋር መጫን ይከፍተዋል። ሁልጊዜ ተዘርግቶ እንዲቀመጥ ከፈለጋችሁ ሴቲንግ ውስጥ (ኮንትሮል፣ አልት እና ኤስ) «አፒራንስ» ገጽ ላይ «ዩአይ ኦፕሽንስ» በሚለው ሥር፣ ሜይን ሜኑውን በተለየ ቱልባር አሳይ የሚል አማራጭ አለ። ከቆየ ቪዲዮ ጋር እየተመሳከረ የሚማር ሰው ይህን አንድ ለውጥ ቢያደርግ ብዙ ድካም ይቀንስለታል።

ከታች በስማቸው ተደርድረው የነበሩት ሎግካት፣ ቢልድ፣ ተርሚናልና ጊት አሁን በግራው ጠባብ ረድፍ የታችኛው ክፍል ላይ ስም የሌላቸው ትንንሽ ምስሎች ሆነዋል። ማውሱን ምስሉ ላይ ትንሽ ብታቆዩት ስሙ ይታያል። ስማቸው ሁልጊዜ እንዲጻፍ በዚያው «አፒራንስ» ገጽ ላይ «ቱል ዊንዶውስ» ሥር «ሾው ቱል ዊንዶው ኔምስ» ላይ ምልክት አድርጉ። እዚያም ያላገኛችሁት በረድፉ ላይ ያሉት ሦስት ነጥቦች ውስጥ ነው፤ «ቢልድ ቫሪያንትስ» ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚያ ነው። ግሬድልና ዲቫይስ ማኔጀር በቀኙ ረድፍ ናቸው። የጊት ብራንች ስም ከታች በቀኝ ጥግ ነበር፤ አሁን ከላይ በስተግራ ከፕሮጀክቱ ስም ጎን ነው። የማስኬጃው ሦስት ማዕዘንና የዲባግ (የስሕተት መፈለጊያ) ምልክቱ ከላይ በስተቀኝ ይገኛሉ።

ምስሎቹን ለመሸምደድ መሞከር የለባችሁም። አልት እና 1 የፕሮጀክት ፋይሎችን፣ አልት እና 4 የማስኬጃ መስኮቱን፣ አልት እና 5 ዲባግን፣ አልት እና 9 ጊትን፣ አልት እና ኤፍ 12 ተርሚናልን ይከፍታሉ። ሎግካት በአልት እና 6 ነው። እነዚህ ከድሮው መልክ ወደ አዲሱ ሲታለፍ አልተነኩም።

ሁሉም መስኮት በአንዴ ከጠፋና ኮዱ ብቻ ስክሪኑን ከሞላ ጥፋቱ የአፕዴቱ ላይሆን ይችላል። የፋይሉን ታብ ሁለት ጊዜ መጫን፣ ወይም ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤፍ 12 ሁሉንም ይደብቃል፤ ያንኑ መድገም ይመልሳል።

ሎግካት ውስጥ ገብታችሁም «ኤረር»፣ «ዋርን» እያለ የሚመረጥበትን የድሮ ዝርዝር አታገኙትም። አሁን ማጣሪያው ይጻፋል፦ «ፓኬጅ» ብላችሁ ኮሎን አድርጋችሁ ያለ ክፍተት «ማይን» ስትሉ የራሳችሁን አፕ መልእክት ብቻ ያወጣል፤ ስፔስ አድርጋችሁ «ሌቭል»፣ ኮሎን፣ «ኤረር» ብትጨምሩ ስሕተቶቹ ብቻ ይቀራሉ። መጻፍ ስትጀምሩ ራሱ አማራጭ ያቀርባል።

ሳይኒንግ ሪፖርት ለምን ከግሬድል መስኮት ጠፋ?

ይህ ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል፤ በጉግል አካውንት መግቢያ ወይም ካርታ ያለበት አፕ የሚሠራ ሰው ሁሉ ሻ-1 የሚባለውን አሻራ (አፑ የተፈረመበትን ቁልፍ የሚለይ ኮድ) ፈልጎ ይደርስበታል። ቪዲዮዎቹ «በቀኝ በኩል ግሬድልን ክፈቱ፣ ታስክስ፣ አንድሮይድ፣ ሳይኒንግ ሪፖርት» ይላሉ። አዲሱ ላይ ግሬድልን ስትከፍቱ ዝርዝሩ ተሟጦ የሚታየው የቴስት ሥራዎች ብቻ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ሲንክን ለማፍጠን ሲባል አንድሮይድ ስቱዲዮ ሙሉውን የታስክ ዝርዝር መገንባቱን በመተዉ ነው።

ዝርዝሩን ለመመለስ ሴቲንግ ውስጥ «ኤክስፔሪመንታል» የሚለውን ገጽ ክፈቱ። በግሬድል ክፍሉ ሥር በሲንክ ጊዜ ስለሚዘጋጁ ታስኮች የሚናገር ሳጥን አለ፤ አጻጻፉ በሁለት ዓይነት ስለሚመጣ በደንብ አንብቡት። በቆየው «የቴስት ታስኮችን ብቻ አካት» ስለሚል ምልክቱን ማንሳት ነው፤ በአዲሱ «ሁሉንም የግሬድል ታስኮች አዘጋጅ» ስለሚል ምልክቱን ማድረግ ነው። ሳያነብ የሚነካ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከዚያ ፕሮጀክቱን እንደገና ሲንክ አድርጉ፤ ዝሆኗ ላይ ቀስት ያለባት ምልክት ከላይ በስተቀኝ ናት።

አሻራውን አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈልግ ሰው ግን ሴቲንግ መንካት አያስፈልገውም። ኮንትሮልን ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ንኩ፤ የሚከፈተው ሳጥን ውስጥ «ግሬድል» ብላችሁ ስፔስ አድርጋችሁ «ሳይኒንግሪፖርት» ጻፉ። ይህ ያለ ክፍተት የሚጻፍ አንድ ቃል ነው፣ «አር» የሚለው ፊደል ብቻ ካፒታል ይሆናል። ኢንተር ስትመቱ ሻ-1ና ሻ-256 በታችኛው መስኮት ይወጣሉ። የዲባግ (የሙከራው) እና የሪሊዝ (ለሕዝብ የሚወጣው) አሻራ የተለያዩ መሆናቸውን አትርሱ።

ኦፍላይን ሞድ

ዳታ ለመቆጠብ ኦፍላይን ሞድ (ግሬድል ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበትን ሁኔታ) የሚጠቀም ሰው በሴቲንግ ውስጥ የነበረውን «ኦፍላይን ወርክ» ሳጥን ከ2020ው 3.6 ቨርዥን ወዲህ እዚያ አያገኘውም፤ የግሬድል መስኮት የራስጌ ረድፍ ላይ «ቶግል ኦፍላይን ሞድ» የሚባል በተን ሆኗል።

ከአፕዴት በኋላ ይህ በተን ራሱ የችግር ምንጭ ይሆናል። ፕሮጀክቱ አዲስ የፕለጊን ቨርዥን ከጠየቀና ያ ቨርዥን በኮምፒውተራችሁ ውስጥ ከሌለ፣ ግሬድል ለኦፍላይን ሞድ የተቀመጠ ቅጂ የለም የሚል ስሕተት አውጥቶ ሲንኩን ያቆማል። ሲንኩ ሲከሽፍ የማስኬጃው ምልክት ይደበዝዛል፣ ቢልድ ቫሪያንትስ ባዶ ይሆናል፤ ሰው ደግሞ በተኖቹ የጠፉ ይመስለዋል። ኦፍላይኑን አጥፉ፣ ደህና ኔትወርክ ባለበት ሲንክና ቢልድ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይለቅ፣ ከዚያ መልሳችሁ አብሩት። አንድሮይድ ስቱዲዮን ባደሳችሁ ማግስት የሚወጣውን «የግሬድል ፕለጊንህን አሳድግ» የሚል ግብዣ መቀበልም ግዴታ አይደለም። የፕሮጀክት ማስረከቢያ ቀን ከደረሰ ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ቪኤስ ኮድ

ቪኤስ ኮድ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ስለሚለወጥ የሚጠፋው ነገርም ትንሽ ትንሽ ነው። የሜኑ ረድፉ ከሌለ አልትን ብቻ ንኩ። የግራው የምስል ረድፍ ከሌለ «ቪው › አፒራንስ › አክቲቪቲ ባር ፖዚሽን» ውስጥ ወደ «ዲፎልት» መልሱት፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወይም ወደ ድብቅ ተዛውሮ ይሆናል። ኮንትሮል እና ቢ የጎኑን መስኮት፣ ኮንትሮል እና ጄ የታችኛውን ፓነል ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ሁሉም ነገር ጠፍቶ ኮድ ብቻ ከቀረ «ዜን ሞድ» ውስጥ ገብታችኋል፤ ኤስኬፕን ሁለት ጊዜ ንኩ።

በ1366 በ768 ስክሪን የሚሠራ ሰው ኤክስቴንሽን ሲበዛበት የግራው ረድፍ አይበቃውምና የተረፉት በሦስት ነጥብ ሥር ይገባሉ። ሦስቱን ነጥቦች ክፈቱ፣ ወይም ኮንትሮልን ከመቀነስ ምልክት ጋር ተጭናችሁ ጠቅላላውን አሳንሱ። አንድ መስኮት ከቦታው ተጎትቶ ሌላ ቦታ ከተወሸቀ በትእዛዝ ሳጥኑ «ሪሴት ቪው ሎኬሽንስ» ብላችሁ ጻፉ፤ ሁሉም ወደ መጀመሪያ ቦታው ይመለሳል።

የፓይተን ማስኬጃ ሦስት ማዕዘን ከላይ በስተቀኝ ከጠፋ ጉዳዩ ሌላ ነው። ያ ምልክት የሚመጣው ከፓይተን ኤክስቴንሽኑ ነው፤ ኤክስቴንሽኑ ካልሠራ ምልክቱም የለም። መጀመሪያ ከታች በስተግራ «ሪስትሪክትድ ሞድ» የሚል ጽሑፍ መኖሩን እዩ። ከጓደኛ በፍላሽ የመጣ ፎልደር ስትከፍቱ «ይህን ፎልደር ታምነዋለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በጥድፊያ «አላምንም» ካላችሁ ብዙ ኤክስቴንሽን ይታገዳል፣ ዲባግም አይሠራም። ጽሑፉን ተጭናችሁ «ትረስት» በሉ፣ ግን ፎልደሩን የሰጣችሁን ሰው በእርግጥ የምታምኑት ከሆነ ብቻ። እገዳ ከሌለ የኤክስቴንሽን መፈለጊያው ላይ አት ምልክት አስቀድማችሁ «ዲሴብልድ» ጻፉ፤ የጠፉት ተዘርዝረው ይወጣሉ።

ቪዥዋል ስቱዲዮ፣ ኔትቢንስ፣ ኤክሊፕስ

በሲ ሻርፕ ፎርም የሚሠሩ ተማሪዎች ዘወትር የሚፈልጉት ቱልቦክስን ነው፤ በኮንትሮል፣ አልት እና ኤክስ ይከፈታል። ሶሉሽን ኤክስፕሎረር በኮንትሮል፣ አልት እና ኤል፣ ፕሮፐርቲስ በኤፍ 4። ቱልቦክሱ ተከፍቶ በውስጡ የሚጎተት ነገር ከሌለ አልተበላሸም፤ ከፊታችሁ ያለው የኮድ ገጽ ስለሆነ ነው። በሺፍት እና ኤፍ 7 ወደ ዲዛይን ገጹ ሂዱ፤ በተኑም ቴክስትቦክሱም ይመጣሉ። ከ2019ኙ ወደ 2022ቱ የተሻገረ ሰው የዊንዶውስ ፎርም ፕሮጀክት አማራጭ ራሱ ካጣ፣ አዲሱ ሲጫን የዶት ኔት ዴስክቶፕ ክፍል አልተመረጠም። «ቪዥዋል ስቱዲዮ ኢንስታለር» ውስጥ «ሞዲፋይ» ብሎ መጨመር ነው።

ኔትቢንስ ላይ ፓሌት (በተንና ቴክስትቦክስ የሚጎተትበት መስኮት) ከጠፋ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና 8፤ ያም ካልሆነ «ዊንዶው › ሪሴት ዊንዶውስ»። ኤክሊፕስ ላይ «ዊንዶው › ፐርስፔክቲቭ › ሪሴት ፐርስፔክቲቭ»።

ሁሉን ወደ መጀመሪያው መመለስ

ሪሴት የመጨረሻ እርምጃ መሆን አለበት፤ የጠፋውን አንድ በተን ሲመልስ እናንተ ያስተካከላችሁትን ሌላ ሁሉ ያጠፋልና። ቪዥዋል ስቱዲዮ ላይ ከ«ሪሴት ዊንዶው ሌይአውት» በፊት በዚያው «ዊንዶው» ሜኑ «ሴቭ ዊንዶው ሌይአውት» አድርጉ። አንድሮይድ ስቱዲዮ ላይም «ዊንዶው › ሌይአውትስ» ውስጥ ያላችሁን አቀማመጥ ስም ሰጥታችሁ ካስቀመጣችሁ በኋላ መመለስ ይሻላል።

ከቀጣዩ አፕዴት በፊት ደግሞ በአንድሮይድ ስቱዲዮ «ፋይል › ማኔጅ አይዲኢ ሴቲንግስ › ኤክስፖርት ሴቲንግስ»፣ በቪዥዋል ስቱዲዮ «ቱልስ › ኢምፖርት ኤንድ ኤክስፖርት ሴቲንግስ»፣ በቪኤስ ኮድ ፕሮፋይልን ኤክስፖርት በማድረግ አንድ ትንሽ ፋይል ፍላሽ ላይ አኑሩ። አፕዴቱ በማይመች ቀን እንዳይመጣባችሁም ቪኤስ ኮድ ሴቲንግ ውስጥ «አፕዴት ሞድ» የሚለውን ወደ «ማንዋል» ማዞር ይቻላል።

የላብ መመሪያ ለሚያዘጋጁ መምህራንና መሐል ሜዳ ከተማ ያለ ጓደኛቸውን በስልክ ለሚረዱ ሰዎች፦ «ከላይ ሦስተኛው ምልክት» አትበሉ። የትእዛዙን ስም፣ ሾርትከቱንና የቨርዥኑን ቁጥር ስጡ። ቁጥሩ «ሄልፕ › አባውት» ውስጥ አለ፤ አንድሮይድ ስቱዲዮና ቪኤስ ኮድ ላይ እዚያው ያለው «ኮፒ» በተን ሙሉውን ይገለብጥላችኋል፣ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ብቻ ነው።